ማውሱም ዝም፣ ኪቦርዱም ዝም፦ ጥፋቱ የማን ነው?

ኮምፒውተሩን አጥፍቼዋለሁ። ስክሪኑ ጨልሟል፣ የማራገቢያው ድምፅም ቆሟል። ማውሱ ግን ከሆዱ ሥር ቀይ ብርሃኑን ጠረጴዛው ላይ እየረጨ ነው። ያን ምሽት ይህን አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩት። ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ማውሱም ኪቦርዱም አልታዘዝ ብለውኝ ስለነበር ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ላይ ነበር። ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት፤ ምንም ለውጥ የለም። በማግስቱ ሳጥኑን ታቅፌ በታክሲ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ገና ሳያስነሳው "ጋሼ፣ ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ይፈልጋል" አለኝ። ተደረገ። ቀስቷ ተንቀሳቀሰች፣ ኪቦርዱ ጻፈ፣ እኔም ከፈልኩ። ዴስክቶፑ ላይ አስቀምጬው የነበረው የሁለት ወር ጽሑፍ ግን አብሮ ጠፋ።

ከአንድ ወር በኋላ ያው ብልሽት ተመለሰ። ዳግመኛ ሳጥን ታቅፎ መሄዱ ስላስጠላኝ ገመዱን ከግድግዳው ነቅዬ ምሳዬን ልበላ ተነሣሁ። ተመልሼ ስሰካው ማውሱም ኪቦርዱም ምንም እንዳልሆኑ ሆነው ሠሩ። የመጀመሪያው ቀን ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ኮምፒውተሩን ያዳነው ታክሲው እንጂ ፎርማቱ አልነበረም። ከቤት እስከ ጥገና ቤት ድረስ ሳጥኑ ከኤሌክትሪክ ተለይቶ ቆይቷል፤ ሌላ ነገር አላስፈለገውም። ምስጋናውንም ክፍያውንም የወሰደው ግን ፎርማቱ ነው።

ማውስና ኪቦርድ እምቢ ሲሉ የሚሰጡት ምክሮች ብዙ አይደሉም። ሪስታርት አድርገው፣ ነቅለህ ሰካው፣ ባትሪውን ቀይር፣ አጽዳው፣ ድራይቨሩን አስተካክል፣ ፎርማት አድርገው፣ አዲስ ግዛ፤ በቃ ይኸው ነው። ሁሉም አንዳንዴ ይሠራሉ፤ ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። ከእነዚህ ምክሮች አብዛኞቹ በውስጣቸው ሌላ ምክር ደብቀው ይዘዋል። ድራይቨር ቀይሮ ሪስታርት የማያደርግ የለም፤ ፎርማት ያለ ሪስታርት አይሆንም፤ ጥገና ቤት መውሰድ ከኤሌክትሪክ መለየትን ይጨምራል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሲድን የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም፤ ስሙ የሚነሣው የመጨረሻው ወይም በጣም ውዱ ነው። በዚህ ዳሰሳ እነዚህን ምክሮች አንድ በአንድ እያነሣን እያንዳንዱ ለየትኛው ብልሽት እንደሚሆን፣ ለየትኛው ደግሞ ከንቱ ድካም እንደሆነ እናያለን።

ከጣት እስከ ስክሪን

ምክሮቹን ለመመዘን መጀመሪያ መንገዱን ማወቅ ያስፈልጋል። የተለመደ ሙሉ ኪቦርድ 104 ያህል ቁልፎች አሉት። ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሽቦ አልተዘረጋለትም፤ ቁልፎቹ እንደ መንደር መንገድ በተሻገሩ አግድምና ቁልቁል መስመሮች ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ቁልፍ ሲጫን ሁለት መስመሮች ይነካካሉ፤ ኪቦርዱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቺፕ ከመገናኛው ቦታ ተነሥታ የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ትለያለች። ኪቦርዱ ላይ እርስ በርስ የማይገናኙ የሚመስሉ አምስት ስድስት ቁልፎች በአንድ ቀን ቢሞቱ አብዛኛውን ጊዜ የጋራ መስመራቸው ስለተቆረጠ ነው። እንዲህ ያለውን ብልሽት የትኛውም ሶፍትዌር አይጠግነውም።

ማውሱ ደግሞ ከተፈጠረ ረጅም መንገድ ተጉዟል። የመጀመሪያው ማውስ እ.ኤ.አ. በ1964 በስታንፎርድ የምርምር ተቋም የተሠራ የእንጨት ሳጥን ነበር፤ ሐሳቡ የዳግላስ ኤንግልባርት፣ የእጅ ሥራው የቢል ኢንግሊሽ ነው። ኤንግልባርት በታኅሣሥ 1968 ሳንፍራንሲስኮ ላይ ለሕዝብ አሳየው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የገዛነው ማውስ ከሥሩ የጎማ ኳስ ነበረው፤ ኳሱን አውጥቶ ሮለሮቹ ላይ የተጠመጠመውን እድፍ በጥፍር መፋቅ የኮምፒውተር ቤት ልጆች የዕለት ሥራ ነበር። የዛሬው ማውስ ኳስ የለውም። በትንሽ መብራት ጠረጴዛውን እያበራ በትንሽ ካሜራ በሰከንድ ከ1 ሺህ በላይ ፎቶ ያነሣል፤ አንዱን ፎቶ ከሌላው እያስተያየ ወዴት እንደተንቀሳቀሰ ያሰላል።

ሁለቱም ያገኙትን ወሬ በሽቦ ወይም በሬዲዮ ሞገድ ወደ ኮምፒውተሩ ይልካሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በዩኤስቢ የተሰካ ማውስ ሳይጠየቅ አይናገርም። ኮምፒውተሩ በሰከንድ 125 ጊዜ ያህል "ምን አዲስ ነገር አለ?" ይለዋል፤ እሱም ይመልሳል። ጠያቂው ዝም ካለ መላሹ ጤነኛ ቢሆንም ዝም ይላል። ከጠያቂው ቺፕ በኋላ ድራይቨሩ፣ ከድራይቨሩ በኋላ ዊንዶውስ፣ ከዊንዶውስ በኋላ የተከፈተው ፕሮግራም አለ። በዚህ ሁሉ ሰንሰለት አንዷ ቀለበት ብትበጠስ እኛ የምናየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዝምታ።

አንዱ ነው ወይስ ሁለቱ?

መድኃኒት ከመፈለግ በፊት የሚቀድም ጥያቄ ይህ ነው። ማውሱ ብቻ ከሞተ ጥርጣሬው ወደ ማውሱ፣ ወደ ሽቦውና ወደ ተሰካበት ቀዳዳ ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ ደቂቃ ዝም ካሉ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማውስና ኪቦርድ የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ሽቧቸውም ለየብቻ ነው። በአንድ ሰዓት አብረው የሚበላሹበት ምክንያት እምብዛም የለም። ስለዚህ የሚመረመረው የሚጋሩት ነገር ነው። የሚጋሩት አንድ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ሊሆን ይችላል፤ ሽቦ አልባ ከሆኑ አንዲት ጥፍር የምታህል ሪሲቨር ልትሆን ትችላለች፤ የኮምፒውተሩ የዩኤስቢ ቺፕ ወይም ራሱ ዊንዶውስም ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ጥሎ ሁለት አዲስ መግዛት ከሁሉ የከፋው ውሳኔ ነው። አዲሶቹም እዚያው ይሰካሉ፤ እነሱም ዝም ይላሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ ኮምፒውተሩ ራሱ ንቁ ነው ወይ የሚለው ነው። ይህን የምትመሰክር አንዲት ትንሽ መብራት አለች። የካፕስ ሎክን ቁልፍ ይጫኑ። ብዙ ሰው መብራቷን የሚያበራት ኪቦርዱ ይመስለዋል፤ አይደለም። ኪቦርዱ "ካፕስ ሎክ ተጫነ" ብሎ ይልካል፤ ኮምፒውተሩ ተቀብሎ "እንግዲያው መብራቷን አብራ" ብሎ ይመልሳል። መብራቷ በተጫኑ ቁጥር ከበራችና ከጠፋች መልእክቱ ሄዷል፣ መልሱም መጥቷል ማለት ነው፤ ሽቦው፣ ቀዳዳው፣ ድራይቨሩ፣ የሥርዓቱ እምብርት ደኅና ናቸው። የተደናገጠው ከላይ ያለው ፕሮግራም ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ አብረው ሲጫኑ የሚከፈተው ታስክ ማናጀር የተጣበቀውን ፕሮግራም ለመዝጋት ይበቃል።

መብራቷ ካልተነቃነቀች ሁለት ነገር ይቀራል፤ ወይ ኪቦርዱ ተቆርጧል፣ ወይ ኮምፒውተሩ በሙሉ ስታክ አድርጓል። ለመለየት ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። ደቂቃው ከተቀየረ ኮምፒውተሩ በሕይወት አለ። ካልተቀየረ የሚቀረው የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ማቆየት ነው። ከዚያ በፊት ግን የሳጥኑን የዲስክ መብራት ማየት ይበጃል። ሳታቋርጥ ከበራች ወይም ያለ ዕረፍት ከተንቀለቀለች አሮጌ ዲስክ ከባድ ሥራ ይዞ እየታገለ ሊሆን ይችላል፤ አምስት ደቂቃ መታገሥ ያልተቀመጠ ሥራን ያተርፋል። እንዲህ ያለው መደንዘዝ ከተደጋገመ ዲስኩ እየሞተ መሆኑን ሊያመለክት ስለሚችል ፋይሎቹ ወደ ሌላ ቦታ ይገልበጡ።

ነቅለህ ሰካው

ይህ ምክር በብዙዎች ዘንድ እንደ ቀልድ ይታያል፤ ግን ከሁሉም በላይ ምክንያት ያለው እሱ ነው። ዩኤስቢ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ዕቃውን እንደ አዲስ እንግዳ ተቀብሎ ማንነቱን ይጠይቀዋል፤ በመካከል የተበላሸ ንግግር ካለ እንደገና ይጀመራል። ቀዳዳ መቀየር ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ከፊት ያሉት ቀዳዳዎች ከማዘርቦርዱ ጋር በውስጥ ሽቦ የተያያዙ ስለሆኑ ቶሎ ይላላሉ፤ ከኋላ ያሉት በማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የተበየዱ ናቸው። በማከፋፈያ ተሰክተው ከሆነ ማከፋፈያውን አውጥቶ በቀጥታ መሰካት የግድ ነው።

በቢሮዎች ውስጥ አሁንም ክብ ቀዳዳ ያላቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች አሉ፤ ሐምራዊው ለኪቦርድ፣ አረንጓዴው ለማውስ። ይህ ቀዳዳ ስሙን ያገኘው አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ካወጣው ፒኤስ 2 ከተባለው ኮምፒውተር ነው። ለእነዚህ "ነቅለህ ሰካው" የሚለው ምክር ይገለበጣል። ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ ቢነቀሉ መልሶ ላያውቃቸው ይችላል፤ በርቶ ሳለ መሰካት ማዘርቦርዱንም ሊጎዳ ይችላል። አጥፍቶ፣ ሰክቶ፣ ማስነሣት ነው መንገዱ።

አሁን ወደ ቀዩ ብርሃን ልመለስ። ብዙ ዴስክቶፖች ሲጠፉ ጨርሰው አይጠፉም። ገመዱ ግድግዳ ላይ እስካለ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ 5 ቮልት የምትሆን የተጠባባቂ ኃይል ለማዘርቦርዱ ያቀብላል፤ ብዙ ጊዜ የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹም ይህን ይካፈላሉ። ኮምፒውተሬ ጠፍቶ ማውሱ ያበራ የነበረው በዚህ ነው። የዩኤስቢው ቺፕ ግራ ተጋብቶ ከቆመ ደግሞ ማጥፋትና ማብራት አያነቃውም፤ ኃይል ስላልተለየው አልጠፋማ! ገመዱን ከግድግዳ ነቅሎ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ የቀረውን ኃይል ማፍሰስ፣ ከዚያ መልሶ መሰካት ነው የሚያነቃው። መብራት ሄዶ በሚመጣበት፣ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ በሚልበት ከተማ ይህ ዘዴ ከማንም በላይ ለእኛ ይሠራል። በላፕቶፕም ቢሆን ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጥቶ ያንኑ ማድረግ ይቻላል።

"ሪስታርት" እና "ሻት ዳውን" አንድ አለመሆናቸውንም እዚህ መጥቀስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ በብዙ ኮምፒውተሮች ሻት ዳውን ሲደረግ የሥርዓቱ እምብርት ቶሎ ለመነሣት እንዲመች ዲስክ ላይ ተቀምጦ ያድራል፤ ጠዋት የሚነሣው ከነትናንት ስህተቱ ነው። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከባዶ ይጀምራል። "አጥፍቼ አበራሁት፤ አልሠራም" የሚል ሰው ሪስታርት አድርጎ ላያውቅ ይችላል።

ሽቦ የሌላቸው

ሽቦ አልባ ማውስ ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የባትሪ ድንጋዩ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙም ያልታወቀው ቻርጅ የሚደረጉት ድንጋዮች 1.2 ቮልት፣ ተራዎቹ 1.5 ቮልት መሆናቸው ነው። አንዳንድ ማውስ በመጀመሪያዎቹ ቶሎ ይደክማል። ድንጋዩ ፈስሶ ብረቱን ካሻገተውም አዲስ ድንጋይ ብቻውን አይረዳም፤ ብረቱ በኮምጣጤ በረጠበ ጥጥ ተጠርጎ መድረቅ አለበት። ከሆዱ ሥር ያለችውን የማብሪያ ቁልፍም ማየት አይዘንጋ፤ ቦርሳ ውስጥ ስትንከባለል ትጠፋለች።

ሌላው ተጠርጣሪ አየሩ ነው። ብሉቱዝም ሆነ ብዙዎቹ ባለ ሪሲቨር ማውሶች በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይነጋገራሉ፤ ብዙ የዋይፋይ መሣሪያም እዚያው ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ ዩኤስቢ 3 ራሱ በዚያው ሞገድ አካባቢ ጫጫታ እንደሚያሰማ አሳይቷል። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ሲሰካ ማውሱ የሚንተባተብበት ምክንያት ይህ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ሪሲቨሩን ከሰማያዊው ቀዳዳ ወደ ጥቁሩ ማዛወር ወይም በአጭር ማስረዘሚያ ከሳጥኑ ጀርባ ወደ ጠረጴዛው ላይ ማውጣት። ከብረት ሳጥን ኋላ ተደብቃ የምትሰማን ሪሲቨር ደንቆሮ ማለት ፍርድ ማጓደል ነው።

አቧራ፣ ፍርፋሪ፣ ማኪያቶ

ቀስቷ የምትዘል ከሆነ ማውሱን ገልብጦ ቀዳዳውን ማየት ነው፤ ካሜራው ላይ የወደቀች አንዲት ፀጉር ትበቃለች። ጠረጴዛው የመስታወት ከሆነም ብዙዎቹ ማውሶች ያያሉ እንጂ አይለዩም፤ ፎቶዎቹ አንድ ዓይነት ይሆኑባቸዋል። አንድ ነጭ ወረቀት ከሥሩ ማድረግ ምርመራም ሕክምናም ነው።

ኪቦርድን የሚገድለው አቧራ ብቻ አይደለም፤ ፈሳሽም ነው። በተለመደው ርካሽ ኪቦርድ ሆድ ውስጥ ሦስት የላስቲክ ንጣፎች አሉ፤ በሁለቱ ላይ መስመሮቹ ታትመዋል፣ መካከለኛው ለያያቸው ነው። ውኃ ከገባ ሲደርቅ ሊመለስ ይችላል። ስኳር ያለው ሻይ ወይም ማኪያቶ ግን ውኃው ቢደርቅም ሙጫው ይቀራል። "ሳይደርቅ በርጥቡ" የሚለው የአበው ብሂል እዚህ ቃል በቃል ይሠራል፤ ወዲያው ነቅሎ፣ ገልብጦ፣ ጣፋጩን ሳይደርቅ በትንሽ ንጹሕ ውኃ በረጠበ ጨርቅ ማንሣት፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ቀን መታገሥ። ሩዝ ውስጥ መቅበር ጣፋጩን አያወጣም። ላፕቶፕ ከሆነ ችኮላው ይብሳል፤ ከኪቦርዱ ሥር ማዘርቦርዱ አለና ወዲያው ማጥፋትና ቻርጀሩን መንቀል ይቀድማል። ከዚያ በኋላ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው።

ፍርፋሪ ትልቅ ኩባንያንም አንበርክኳል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2015 ይዞት የመጣው ቀጭን "ቢራቢሮ" ኪቦርድ በትንሽ ብናኝ ቁልፎቹ ይጣበቁ ወይም ሁለት ሁለት ጊዜ ይጽፉ ጀመር። ኩባንያው በ2018 ነፃ የጥገና ፕሮግራም ከፈተ፤ በ2019 መጨረሻ ወደ ቀድሞው ዓይነት መመለስ ጀመረ፤ በ2022ም ተጠቃሚዎች የመሠረቱትን ክስ ለመዝጋት 50 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

በዚህ ክፍል አደጋ ያለበት አንድ ምልክት አለ። የላፕቶፕ ታችፓድ ወደ ላይ ካበጠ ወይም ክሊክ ማድረግ ከከለከለ ከሥሩ ያለው ባትሪ አብጦ እየገፋው ሊሆን ይችላል። ያበጠ የሊቲየም ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። መጫን፣ መውጋት፣ ቻርጅ ማድረግ ቀርቶ ላፕቶፑ ጠፍቶ ባትሪው በባለሙያ ይነሣ።

ያልተበላሸ ብልሽት

ወደ ጥገና ቤት ከሚመጡት ኪቦርዶች ምንም ያልሆኑም አሉ። የቀኙን ሺፍት ለ8 ሰከንድ ተጭኖ ማቆየት በዊንዶውስ ላይ ፊልተር ኪይስ የሚባለውን ያስነሣል። ይህ አገልግሎት እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች የተሠራ መልካም ነገር ነው፤ በፍጥነት የተነካን ቁልፍ እንደ ስህተት ቆጥሮ ያልፈዋል። ሳያውቅ ያስነሣው ሰው ግን ኪቦርዱ የሞተ ይመስለዋል። ጣቱን ቁልፉ ላይ ሲያቆይ ፊደሉ ከወጣ ምስጢሩ ይህ ነው፤ የቀኙን ሺፍት ዳግመኛ ለ8 ሰከንድ መያዝ ይመልሰዋል። ሺፍትን አምስት ጊዜ በተከታታይ መምታት ደግሞ ስቲኪ ኪይስ የሚባለውን ይጠራል።

በአንዳንድ አነስተኛ ላፕቶፖች ነም ሎክ ከበራ ግማሹ ኪቦርድ ወደ ቁጥር ይለወጣል። ዩ 4፣ ጄ 1፣ ኤም 0 ይሆናሉ፤ የይለፍ ቃሉ "ስህተት ነው" ይባላል፣ ኪቦርዱም ይረገማል። የታችፓዱ መዘጊያም እንዲሁ ነው። ከላይኛው ረድፍ ኤፍ ቁልፎች አንዱ ላይ የታችፓድ ምስል አለ፤ ከኤፍኤን ጋር በስህተት ከተነካ ታችፓዱ ይተኛል።

በአማርኛ የምንጽፍ ደግሞ የራሳችን ወጥመድ አለን። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ በኋላም ሆነ ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያዎቻችን በእንግሊዝኛው ኪቦርድ ላይ ተደርበው የሚሠሩ ናቸው። በብዙዎቹ አንድ ፊደል ሁለት ንክኪ ይጠይቃል፤ የመጀመሪያው ሳድሱን ያወጣል፣ ሁለተኛው ወደሚፈለገው ድምፅ ይለውጠዋል። መጻፊያው ክፍት መሆኑን ያልተረዳ ሰው ፊደል የተዋጠበት፣ አናባቢ ቁልፎች የሞቱበት ይመስለዋል። የይለፍ ቃል ሳጥን ውስጥ ከሆነማ የሚታየው ነጠብጣብ ብቻ ስለሆነ ስህተቱ አይታይም። የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ባር አብረው ሲጫኑ ቋንቋው ይቀየራል፤ ለብቻው የተጫነ መጻፊያ ከሆነ ሰዓቱ አጠገብ ያለውን ምልክት ማየት ነው። ኪቦርድ ከመግዛት በፊት ይህን ማየት ሁለት ሰከንድ ይወስዳል።

ድራይቨሩ ወይስ አፕዴቱ?

"ድራይቨሩ ነው" የሚለው ምርመራ ብዙ ጊዜ ያለ ማስረጃ ይነገራል፤ የተለመደ ማውስና ኪቦርድ ዊንዶውስ ይዞት በሚመጣው ድራይቨር ስለሚሠሩ ከመሬት ተነሥተው አይበላሹም። ሆኖም ምርመራው እውነት የሆነባቸው የታወቁ ጊዜያት አሉ። በየካቲት 2018 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የዊንዶውስ 10 አፕዴት በአንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ የዩኤስቢ ዕቃዎችን፣ ከላፕቶፕ ጋር የተሠራውን ኪቦርድም ሳይቀር፣ አስቆመ፤ ማይክሮሶፍት በመጋቢት መጀመሪያ ማስተካከያ አወጣ። በጥቅምት 14 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የዊንዶውስ 11 አፕዴት ደግሞ ይበልጥ የሚገርም ነበር። ማውስና ኪቦርድ ዊንዶውስ ውስጥ በደኅና ሠሩ፤ ኮምፒውተር ሲታመም በሚገባበት የማገገሚያ ክፍል ውስጥ ግን የዩኤስቢዎቹ ሞቱ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ እጀታው ወለቀ እንደማለት ነው። ማስተካከያው ከስድስት ቀን በኋላ መጣ። እስከዚያው አሮጌው ክብ ቀዳዳ ያላቸው ኮምፒውተሮች መውጫ ነበራቸው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለብዙ ጥገና ቤቶች ትምህርት የሆነው የዊንዶውስ 7 ታሪክ ነው። ዊንዶውስ 7 በ2009 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ የዩኤስቢ 3 ድራይቨር አልነበረውም። ኢንቴል በ2015 ባመጣቸው ስድስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች በሚሠሩ ኮምፒውተሮች ላይ የአሮጌው ዩኤስቢ ቺፕ ተወገደ። ሰዎች በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ 7 ለመጫን ሲጀምሩ የመጫኛው ገጽ ይመጣል፣ ማውሱም ኪቦርዱም ይሞታሉ። ስንቱ ኪቦርድ ቀያይሯል! ጥፋቱ በሶፍትዌሩና በማዘርቦርዱ የትውልድ ልዩነት ላይ ነበር፤ መፍትሔውም የጎደለውን ድራይቨር መጫኛው ፍላሽ ውስጥ መጨመር።

ኃይል ለመቆጠብ ሲባል ዊንዶውስ የዩኤስቢ ቀዳዳዎችን የሚያስተኛበት ልማድም አለው። ኮምፒውተሩ ካንቀላፋ በኋላ ብቻ ማውሱ የማይነሣ ከሆነ፣ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ በዩኤስቢ ማከፋፈያው ሥር "ኃይል ለመቆጠብ ይህን ዕቃ አጥፋ" የሚለውን ምልክት ማንሣት ይጠቅማል።

ፎርማትና ዳኛው

ወደ ፎርማት ደረስን። ይህን ምክር የሚዳኝ አንድ ርካሽ ፈተና አለ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዲሊት ወይም ኤፍ 2ን ደጋግሞ በመምታት ባዮስ ውስጥ መግባት። ባዮስ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣ፣ ዊንዶውስን የማያውቅ ክፍል ነው። ባለ ሽቦ ኪቦርድ እዚያ ውስጥ ከሠራ ዕቃው፣ ሽቦውና ቀዳዳው ንጹሕ ናቸው፤ ጥፋቱ ዊንዶውስ ውስጥ ነው። ባዮስ ውስጥም ካልሠራ ጥርጣሬው ወደ ዕቃው፣ ወደ ቀዳዳውና ወደ ማዘርቦርዱ ይዞራል፤ ዊንዶውስን አሥር ጊዜ ፎርማት ማድረግ ፋይል ከማጥፋት ሌላ ፋይዳ የለውም። ፈተናው ፍጹም አይደለም፤ አንዳንድ ኮምፒውተር ለመቸኮል ብሎ ዩኤስቢን ዘግይቶ ያነቃል፣ የብሉቱዝ ኪቦርድም አብዛኛውን ጊዜ ባዮስ ውስጥ አይታወቅም። ግን ሰፊውን ሜዳ ለሁለት ይከፍላል። ኪቦርዱን ወስዶ ጎረቤት ኮምፒውተር ላይ መሰካት ደግሞ የቀረውን ግማሽ ለሁለት ይከፍላል።

ጥፋቱ ዊንዶውስ ላይ ቢጸና እንኳ ፎርማት የመጀመሪያው መልስ አይደለም። በቅርቡ የገባውን አፕዴት ማንሣት፣ ሴፍ ሞድ ውስጥ መሞከር፣ ወደ ቀደመው ቀን መመለስ ይቀድማሉ። "ቫይረስ ነው" የሚለውም እምብዛም አያሳምንም፤ አብዛኛው ቫይረስ ሊሰርቅ ወይም ሊበዘብዝ የሚመጣ ስለሆነ ኮምፒውተሩ እንዲሠራለት ይፈልጋል፤ ባለቤቱ እንዳይጽፍ ማድረግ ትርፉ አይታይም።

እስከዚያው ሥራ እንዳይቆም ማውስ የሌለው በኪቦርድ፣ ኪቦርድ የሌለው በማውስ ሊኖር ይችላል። የዊንዶውስ ቁልፍ ማውጫውን ይከፍታል፣ ታብ ከሳጥን ወደ ሳጥን ይወስዳል፣ አልትና ኤፍ 4 ይዘጋል፣ ኮንትሮልና ኤስ ያስቀምጣል። ኪቦርዱ ለሞተበት ደግሞ ስክሪን ላይ የሚወጣ ኪቦርድ አለ፤ በማውስ እየጠቀሱ የይለፍ ቃል መጻፍ አድካሚ ቢሆንም ሰነድን ያድናል።

ሚዛኑ ሲደመር የትኛውም ምክር ሐሰት አይደለም፤ የጎደለው ቅደም ተከተሉ ነው። ምንም የማያስወጣው ይቀድማል፣ ፋይል የሚያጠፋው ይዘገያል፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይሞከራል፤ ያለዚያ ያዳነው ሳይታወቅ ያላዳነው ይመሰገናል።

ያን የጥገና ልጅ አሁን ሳስታውሰው ሁሉንም ጥፋት በእሱ ላይ አልጥልም። ገመዱን ነቅሎ፣ ግማሽ ደቂቃ ጠብቆ፣ መልሶ ሰክቶ "ጋሼ፣ ጨርሻለሁ፤ ሒሳብ" ቢለኝ ኖሮ እከፍለው ነበር? አልከፍለውም ነበር። "ነቅለህ ሰካኸው እንጂ ምን ሠራህ?" ብዬ እከራከረው ነበር። ፎርማት ስም አለው፣ ዋጋ አለው፣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ደንበኛ የሚከፍለው ለሚታይ ድካም ነው። ማሰብ ግን አይታይም። እኛ ለምርመራ መክፈል እስካልለመድን ድረስ እነሱም ፎርማት ይሸጡልናል። እኔ በበኩሌ ዛሬ ጥገና ቤት ብገባ ከዋጋው በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ "ወንድሜ፣ ባዮስ ውስጥ ይሠራል?" ልጁ ለማየት ኮምፒውተሩን ካስነሣ፣ ለዚያች ሁለት ደቂቃ ሳልከራከር እከፍላለሁ።